ዊኪፔዲያን አትዝጉብን፦ «ለጥናት አይሆንም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው አየሁ። ዋና ሐሳቡ «የኦንላይን መዝገበ ዕውቀት ለጥናት አይሆንም» የሚል ነው። ዒላማው በተለይ ዊኪፔዲያ ነው። ጸሐፊው ስድስት ምክንያት ያቀርባሉ። ማንም ሰው ይጽፍበታል። በባለሙያ ተዘጋጅቶ የታተመው ይሻላል። ስህተት ለዓመታት ይቀመጥበታል። ዩኒቨርሲቲዎች ከልክለውታል። በየቀኑ ይለዋወጣል። ተማሪውን ሰነፍ ያደርገዋል። ከዚያ ወደ መፍትሔው ይሄዳሉ፦ ተማሪ ገጹን ጭራሽ አይክፈተው።

እኔ የተማሪዎችን የጥናት ጽሑፍ ማማከርና ማረም ሥራዬ ነው። ስለዚህ ጸሐፊውን ያናደዳቸው ነገር ይገባኛል። ከዊኪፔዲያ ተገልብጦ የመጣ አንቀጽ ስንት ጊዜ አንብቤያለሁ። አንዳንዴ ሰማያዊው ሊንክ እንኳ እንዳለ ይመጣል። ሆኖም የመጣው መፍትሔ ከችግሩ የባሰ ስለመሰለኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በእሳቸው ቅደም ተከተል እሄዳለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር። ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች የሚጠይቀው «ዊኪፔዲያ ይታመናል ወይስ አይታመንም?» ብሎ ነው። ለእኔ ይህ መልስ የሌለው ጥያቄ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገጾች ያሉትን ነገር በጅምላ ማመንም በጅምላ መካድም አይቻልም። መጠየቅ ያለበት እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን ማን አለ? የት አለ? ሄጄ ላየው እችላለሁ? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ማንም ሰው ይጽፍበታል»

እውነት ነው። መሥራቾቹ ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር መጀመሪያ የሞከሩት ግን ተቃራኒውን ነበር። ከዊኪፔዲያ በፊት ኑፒዲያ የሚባል መዝገበ ዕውቀት ጀምረው ነበር። ጸሐፊዎቹ ባለሙያዎች ነበሩ። እያንዳንዱ ጽሑፍ ብዙ ደረጃ ያለው ግምገማ ማለፍ ነበረበት። በመጀመሪያው ዓመት ግምገማውን ጨርሰው የወጡት ጽሑፎች ሁለት ደርዘን አይሞሉም። በ2001 መጀመሪያ ላይ በሩን ለሁሉም የከፈቱት ከዚያ በኋላ ነው።

መጻፍ መቻል አንድ ነገር ነው፤ የጻፉት እንዲቆይ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። የዊኪፔዲያ ሕግ ከጸሐፊው ማስረጃ ይጠይቃል። ያለ ምንጭ የገባ ነገር ማንም ሊያጠፋው ይችላል። ወገንተኛ መሆን አይፈቀድም። የራስን አዲስ ግኝት ማስገባትም አይፈቀድም። ከ2010 ጀምሮ ስድብና ብልሽትን በሰከንዶች ውስጥ የሚመልስ ክሉቦት ኤንጂ የሚባል ፕሮግራም በእንግሊዝኛው ዕትም ላይ ይሠራል። ጭቅጭቅ የሚበዛባቸው ገጾች ደግሞ ይቆለፋሉ። አዲስ ሰው እንደፈለገ አይነካቸውም።

ጸሐፊው «ጸሐፊው ማን እንደሆነ በማይታወቅ ነገር ላይ እንዴት እንተማመናለን?» ይላሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው። ግን ስምና ማዕረግም ብቻቸውን ዋስትና አይሆኑም። በ2007 የወጣው ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። በዊኪፔዲያ ላይ ትልቅ ኃላፊነት የነበረው አንድ አርታኢ የነገረ መለኮት ፕሮፌሰር ነኝ ይል ነበር። ክርክር ሲነሳ ማዕረጉን ይጠቅስ ነበር። ሲጣራ የ24 ዓመት ወጣት ነው፤ የተባለው ዲግሪም የለውም። ማዕረጉን አምነው የተቀበሉት ተታለሉ። «ምንጭህ የቱ ነው?» ብለው የጠየቁት ግን ማዕረጉ አላስፈለጋቸውም። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምለው ይህንን ነው።

«በባለሙያ የታተመው ይሻላል»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በ2005 መጨረሻ ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት አንድ ንጽጽር አወጣ። በ42 የሳይንስ ርዕሶች ላይ የዊኪፔዲያንና በባለሙያዎች የሚዘጋጀውን የብሪታኒካ መዝገበ ዕውቀት ጽሑፎች ለባለሙያዎች ሰጠ። የትኛው የማን እንደሆነ አልነገራቸውም። ባለሙያዎቹ በዊኪፔዲያ 162፣ በብሪታኒካ 123 ስህተቶች፣ ግድፈቶችና አሳሳች አባባሎች አገኙ። በአንድ ጽሑፍ ሲካፈል አራትና ሦስት ገደማ ማለት ነው። ከባድ የሚባሉት ስህተቶች ግን በሁለቱም እኩል አራት አራት ነበሩ። ብሪታኒካ በ2006 የንጽጽሩን አሠራር አጥብቆ ተቃወመ። ኔቸር ከአቋሙ አልተነቃነቀም።

የዊኪፔዲያ ደጋፊዎች ይህን ንጽጽር አለቅጥ ይጎትቱታል። እኔ አልጎትተውም። ሳይንስን ብቻ ነው ያየው። እንግሊዝኛውን ብቻ ነው ያየው። ጊዜውም ርቋል። የምወስድለት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በባለሙያ የተዘጋጀውም ቢሆን ስህተት አለበት።

ስህተት ብቻ ሳይሆን ፈጠራም አለበት። ከ1887 እስከ 1889 የታተመው አፕልተን የተባለው የአሜሪካ ታዋቂ ሰዎች መዝገብ ውስጥ ጭራሽ ያልኖሩ ሰዎች ታሪክ ገብቷል። በኋላ የተገኙት ወደ ሁለት መቶ ይጠጋሉ። በ1975 የወጣው አዲሱ የኮሎምቢያ መዝገበ ዕውቀት ደግሞ ሊሊያን ቨርጂኒያ ማውንትዊዝል የተባለች ፎቶግራፍ አንሺ ታሪክ ይዟል። እንዲህ የምትባል ሴት የለችም። የገባችው ሆን ተብሎ ነው፤ መጽሐፉን የሚገለብጥ ሰው እንዲያዝባት። አንባቢው ግን በምን ይወቅ?

ከሁሉም የማይረሳኝ የታላቁ የሶቪየት መዝገበ ዕውቀት ታሪክ ነው። የስታሊን የምስጢር ፖሊስ አለቃ የነበረው ላቭሬንቲ ቤሪያ በአምስተኛው ቅጽ ላይ በሙገሳ የተሞላ ገጽ ነበረው። በ1953 ታሰረ፣ በዚያው ዓመት ተገደለ። ከዚያ ለመጽሐፉ ደንበኞች አዳዲስ ገጾች ተላኩ። የድሮውን በመቀስ ወይም በምላጭ ቆርጣችሁ አውጡ፤ በቦታው እነዚህን ለጥፉ ተባሉ። አዲሶቹ ገጾች በአብዛኛው ስለ ቤሪንግ ባሕር ነበሩ። መመሪያውን የፈጸመ ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ ያንን ቅጽ ሲገልጥ ቤሪያ የሚባል ሰው አልነበረም።

አሁን የዊኪፔዲያን ማንኛውንም ገጽ ክፈቱ። ከላይ «ታሪክ» የሚል ቁልፍ አለ። የተጨመረው፣ የተቀነሰው፣ ማን በስንት ሰዓት እንደነካው በሙሉ እዚያ አለ። «ውይይት» የሚለውን ብትነኩ ደግሞ ክርክሩን ታነባላችሁ። ጸሐፊው የሚያሞግሱት የታተመ መጽሐፍ ይህን አያሳየንም። በዝግ በር የተጣላው ኮሚቴ ምን እንደተባባለ አናውቅም። ለተመራማሪ ከዚህ የበለጠ ዋጋ ያለው ነገር ይኖራል ብዬ አላስብም።

በነገራችን ላይ፣ «የታተመውና የኦንላይኑ» የሚለው ክፍፍልም ጊዜው አልፎበታል። ብሪታኒካ ከ244 ዓመት በኋላ በ2012 ወረቀቱን ማቆሙን አስታውቋል። በሌላ በኩል የስታንፎርድ የፍልስፍና መዝገበ ዕውቀት ከ1995 ጀምሮ ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው። በስማቸው በሚፈርሙ ምሁራን ይጻፋል፤ በሌሎች ምሁራን ይገመገማል፤ የየሩብ ዓመቱ ቅጂ ይቀመጣል። ኦንላይን ነው፤ በነፃ ነው፤ የፍልስፍና መምህራን ራሳቸው ተማሪን ይልኩበታል። «የኦንላይን መዝገበ ዕውቀት» ብሎ ሁሉንም በአንድ ጆንያ መክተት አግባብ አይደለም።

«ስህተት ለዓመታት ይቀመጥበታል»

ከስድስቱ ሁሉ ጠንካራው ነጥባቸው ይህ ነው። ሁለት ምሳሌ አቅርበዋል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። በ2005 ጆን ሲገንታለር የተባለ አንጋፋ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲና በወንድሙ በሮበርት ኬኔዲ ግድያ ተጠርጥሮ ነበር የሚል ውሸት በገጹ ላይ ለአራት ወር ያህል ቆየ። ሰውየው የሮበርት ኬኔዲ ረዳት የነበረ ነው። ሁለተኛው ምሳሌ የዳቦ መጥበሻ ማሽን ፈጠረ የተባለው ስኮትላንዳዊ ነው። በ2012 ለቀልድ የተጻፈ ፈጠራ ነበር። እስከ 2022 ድረስ አልታወቀም።

እኔ ልጨምርላቸው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በሕንድ ተካሄደ የተባለ «የቢቾሊም ግጭት» የሚል ጦርነት ከ2007 እስከ 2012 በእንግሊዝኛው ዕትም ላይ ነበር። ጦርነቱ አልተካሄደም። ገጹ ግን «ጥሩ ጽሑፍ» የሚል የጥራት ማዕረግ አግኝቶ ነበር። በቻይንኛው ዕትም ላይ ደግሞ አንዲት አርታኢ ስለ መካከለኛው ዘመን ሩሲያ ከሁለት መቶ በላይ የፈጠራ ጽሑፎች ጻፈች። ለአሥር ዓመት ያህል ቆየ። በ2022 ያጋለጣት አንድ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነው፤ ለራሱ ሥራ መነሻ ሲፈልግ ምንጮቹን ሄዶ አያቸው።

እነዚህን ምሳሌዎች አንድ ላይ አስቀምጣችሁ እዩ። አብዛኞቹ ሰው የማይበዛባቸው ገጾች ናቸው። ስለ ፎቶሲንተሲስ የተጻፈውን በየቀኑ ስንት ዓይን ያየዋል። ስለ አንድ የተረሳ ውጊያ የተጻፈውን ግን ዓመት ሙሉ በቁም ነገር ያነበበው ላይኖር ይችላል። ስለዚህ «ዊኪፔዲያ ስህተት አለው» ብሎ ማቆም ለተማሪው ምንም አይረዳውም። የሚረዳው ስህተቱ የት እንደሚደበቅ ማወቁ ነው።

ከዚህ የሚከፋ ግን ጸሐፊው ያላነሱት ጉዳይ አለ፦ የአነስተኛ ቋንቋዎች ዕትም። በ2020፣ በስኮትላንድ በሚነገረው በስኮትስ ቋንቋ ዊኪፔዲያ ላይ ያሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ገጾች ቋንቋውን በማይችል አንድ አሜሪካዊ ወጣት እንደተጻፉ ታወቀ። የልጁ ሐሳብ ክፉ አልነበረም። የሚያርመው ሰው ግን አልነበረም። የክሮኤሺያኛው ዕትም የባሰ ነው። ጥቂት ብሔርተኛ አስተዳዳሪዎች ለአሥር ዓመት ያህል ተቆጣጠሩት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተፈጸሙ ወንጀሎችን የሚያለዝብ ታሪክ አስገቡበት፤ የተቃወመውን አባረሩ። ዊኪፔዲያን የሚያስተዳድረው የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ጉዳዩን አስመርምሮ በ2021 ሪፖርት አውጥቷል። በእንግሊዝኛው ላይ ስህተትን የሚይዘው የሰው ብዛት ነው። ሰው በሌለበት ሕጉ ወረቀት ላይ ይቀራል። አርታኢው ጥቂት በሆነበት ቋንቋ ለምናነብ ሁሉ ይህ ቀልድ አይደለም። አንድን ርዕስ ቢያንስ በሁለት ቋንቋ አይቶ ማመሳከር ልማድ ሊሆን ይገባል።

ሌላም አለ፤ ውሸት ክብ ሠርቶ ሲመለስ። በ2008 አንድ አሜሪካዊ ተማሪ ኮአቲ በተባለው እንስሳ ገጽ ላይ «የብራዚል አዋልዲጌሳ» የሚል የፈጠራ ስም ጨመረ። ጋዜጦች ተቀበሉት። መጽሐፍም ውስጥ ገባ። ከዚያ ጋዜጦቹ ለዊኪፔዲያው ማስረጃ ሆነው ተጠቀሱ። ምንጩ የራሱን ጥላ ጠቅሶ ቆመ ማለት ነው። ለዚህ መከላከያው ቀን ማየት ነው። ማስረጃ የተባለው ጽሑፍ የወጣው ቃሉ ገጹ ላይ ከገባ በኋላ ከሆነ ተጠራጠሩ። ቃሉ የገባበትን ቀን ደግሞ ያው «ታሪክ» የሚለው ቁልፍ ይነግራችኋል።

በ2009 የሙዚቃ ደራሲው ሞሪስ ዣር ሲያርፍ ደግሞ አንድ የአየርላንድ ተማሪ የፈጠረውን አባባል በገጹ ላይ ለጠፈ። የዊኪፔዲያ በጎ ፈቃደኞች ምንጭ የለውም ብለው አጠፉት። ደግሞ ለጠፈው፤ ደግመው አጠፉት። በዚያች ክፍተት ግን ታላላቅ ጋዜጦች ወስደው የሟቹ ቃል ብለው አትመውት ነበር። ልጁ ራሱ ጽፎ እስኪነግራቸው ድረስ አላወቁም። ጸሐፊው «ከዊኪፔዲያ ይልቅ ጋዜጣ ይጠቀስ» ስለሚሉ ይህን ታሪክ እንዲያስቡበት እወዳለሁ።

ከስህተት የሚከብደው ደግሞ የሌለው ነገር ነው። የፊዚክስ ሊቋ ዶና ስትሪክላንድ በ2018 ኖቤል ሲሰጣት በዊኪፔዲያ ላይ ገጽ አልነበራትም። ከጥቂት ወራት በፊት የቀረበው ረቂቅ በቂ ማስረጃ የለውም ተብሎ ውድቅ ተደርጎ ነበር። ስህተትን ማጣራት ይቻላል። የሌለን ገጽ ግን ተማሪው እንደጎደለው እንኳ አያውቅም።

«ዩኒቨርሲቲዎች ከልክለውታል»

ጸሐፊው የሚጠቅሱት በአሜሪካ ያለውን ሚድልበሪ ኮሌጅ ነው። በ2007 መጀመሪያ ላይ የታሪክ ክፍሉ ውሳኔ አሳለፈ። መነሻው ስድስት ያህል ተማሪዎች በጃፓን ታሪክ ፈተና ላይ አንድ ዓይነት ስህተት መጻፋቸው ነበር። ግን ክፍሉ የከለከለው መጥቀስን እንጂ ማንበብን አይደለም። ይህ ልዩነት በጽሑፋቸው ውስጥ ጠፍቷል።

ዊኪፔዲያ ራሱ እኮ «እኔ አስተማማኝ ምንጭ አይደለሁም» የሚል መመሪያ አለው። አንዱ ገጽ ሌላውን ገጽ ማስረጃ አድርጎ እንዲጠቅስ አይፈቅድም። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ብሪታኒካም ቢሆን የክርክር መሠረት አይደረግም። መዝገበ ዕውቀት የሌሎችን ሥራ አሳጥሮ የሚነግር ነው። ሰው መንገድ ይጠይቅበታል። ስለዚህ በመጥቀስ ጉዳይ እኔና እሳቸው አንለያይም። አትክፈቱ የሚለው ላይ ነው የምንለያየው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከአንድ መጥፎ ልምድ ተነስቶ በሩን መዝጋት ፍርሃት ነው።

«በየቀኑ ይለዋወጣል»

ይህ ቀላል ነው። እያንዳንዱ የገጽ ቅጂ የማይለወጥ የራሱ ሊንክ አለው። በጎን ካሉት መሣሪያዎች «ቋሚ መያያዣ» የሚለውን ወስዶ ያነበቡበትን ቀን መጻፍ በቂ ነው። ገጹ እስካልተሰረዘ ድረስ ከአሥር ዓመት በኋላም ያነበባችሁትን ያንኑ ቅጂ አንባቢያችሁ ያገኘዋል። ደግሞስ መለወጡ ለምን ይወቀሳል? በስህተት የታተመ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ሆኖ ያንኑ ስህተት ይደግማል።

«ተማሪውን ሰነፍ ያደርገዋል»

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪ የጥናት ጽሑፍ አመጣልኝ። አሥራ አራት የግርጌ ማስታወሻ አለው። መጻሕፍት፣ መጽሔቶች፣ የድሮ ሰነዶች። ዊኪፔዲያ የሚል ስም አንድም ቦታ የለም። ደስ አለኝ። ከዚያ ሦስቱን ለማየት ፈለግኩ። የመጀመሪያው ሊንክ ሞቷል። ሁለተኛው መጽሐፍ በተጠቀሰው ገጽ ላይ ስለ ሌላ ጉዳይ ነው የሚያወራው። ሦስተኛው ልጁ በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ነው። ጠርቼ ስጠይቀው አልዋሸኝም። ዊኪፔዲያን አንብቦ፣ ከሥሩ ያሉትን ዋቢዎች እንዳሉ ገልብጦ ነው ያመጣው። አንዱንም አልከፈተም።

«ለምን?» አልኩት። «ዊኪፔዲያን መጥቀስ ክልክል ነው ተብለናል» አለኝ።

ከልካዩ እኔ ነበርኩ።

ያን ቀን ክልከላዬ ምን እንዳስተማረ አየሁ። መደበቅን አስተማረ። ልጁ ያነበበውን ትቶ ያላነበበውን ጠቀሰ፤ እኔም ለዚያ ማርክ ልሰጥ ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንደሚባለው፣ ካልተነበበ መጽሐፍ የተለቀመ ማስረጃ ነው። ጸሐፊው ስንፍና የሚሉት ይህ ከሆነ እስማማለሁ። ነገር ግን ያባባሰው ክልከላው ነው።

ጎበዞቹ ምን ያደርጋሉ? የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በዚህ ላይ አንድ ጥናት አድርገዋል። 45 ሰዎችን ተመለከቱ፦ አሥር የታሪክ ዶክተሮች፣ አሥር በሙያቸው መረጃ የሚያጣሩ ሰዎች፣ ሃያ አምስት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች። የማያውቁትን ድረ ገጽ ሲያዩ ብዙዎቹ ተማሪዎችና የታሪክ ምሁራን ገጹ ላይ ተቀምጠው አነበቡ። አቀራረቡና አርማው አሳመናቸው። መረጃ አጣሪዎቹ ግን ወዲያው ከገጹ ወጡ። አዲስ ታብ ከፍተው ሌሎች ስለዚያ ድረ ገጽ ምን እንደሚሉ ፈለጉ። ዊኪፔዲያንም ይከፍታሉ። ብዙ ጊዜ ግን ጽሑፉን እንደ መጨረሻ ቃል አይወስዱትም፤ ዓይናቸው ወደ ታች፣ ወደ ዋቢዎቹ ይሄዳል።

እኔም ክልከላውን አንስቼ በዚህ ተካሁት። እያንዳንዱ ተማሪ ከርዕሱ ጋር የሚሄድ አንድ የዊኪፔዲያ አንቀጽ ይመርጣል። የአንቀጹን ዋቢዎች አንድ በአንድ ይከፍታል። ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን ከሦስት አንዱን ይጽፋል፦ «ምንጩ ይህንኑ ይላል»፣ «ምንጩ ከዚህ ያነሰ ነው የሚለው»፣ «ምንጩ ላይ የለም»። ሁለተኛው ከሁሉም የበለጠ ያስተምራቸዋል። ምንጩ «ሊሆን ይችላል» ያለውን ገጹ «ነው» ብሎ ሲያገኙት አነባበባቸው ይለወጣል። ሥራው አድካሚ ነው። ሰነፍ ተማሪ አይወደውም።

ባለፈው ጊዜ አንዲት ተማሪ ለአንድ ዓመተ ምሕረት የተጠቀሰውን መጽሐፍ ቤተ መጻሕፍት ሄዳ አገኘችው። መጽሐፉ ሌላ ዓመት ነው የሚለው። በገጹ የውይይት ክፍል ላይ የመጽሐፉን ገጽ ቁጥር ጠቅሳ ጻፈች። በሁለተኛው ቀን የማታውቀው ሰው አመስግኖ አስተካከለው። የጥናት ጽሑፏን ስታስረክብ የፊቱንና የኋላውን ቅጂ አትማ ከመጨረሻው ገጽ ጋር አያይዛው ነበር።